ስጦታ የተባለው ግዢ

በአሜሪካ የተፈጥሮ ጥበቃ ወዳጆች ዘንድ ክፉ የማይወራበት አንድ ሰነድ አለ፤ ኮንሰርቬሽን ኢዝመንት ይባላል። የመሬት ጥበቃ ውል ቢባል ያስኬዳል። ባለመሬቱ እርሻውን ወይም ደኑን እንደያዘ ይቆያል፤ ያርሰዋል፣ ከብት ያሰማራበታል፣ ሲፈልግ ይሸጠዋል፣ ሲሞት ያወርሰዋል። የሚተወው መሬቱን የመሸንሸን፣ ቤት የመደርደርና የመሳሰለውን መብት ነው። ይህን መብት ላንድ ትረስት ለሚባል በጎ አድራጊ ድርጅት ያስረክባል። ድርጅቱም አይጠቀምበትም፤ ሌላው እንዳይጠቀምበት ይጠብቃል እንጂ። ውሉ በካውንቲው መዝገብ ቤት ይገባና ከዚያ ወዲያ መሬቱን የሚገዛውንም የሚወርሰውንም ያስራል፣ ለዘላለም። የላንድ ትረስቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባካሄደው ቆጠራ ድርጅቶቹ በግዢም፣ በውልም፣ በሌላ መንገድም ያስጠበቁት መሬት 61 ሚሊዮን ኤከር ደርሷል። ይህ ከኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት አንድ አምስተኛውን ያልፋል።

ስለዚህ ውል ሲወራ ሦስት ነገሮች አብረው ይነሳሉ። አንደኛ፣ ባለመሬቱ ከልቡ የሰጠው ስጦታ ነው። ሁለተኛ፣ መንግሥት ምንም ሳያወጣ የሚገኝ ጥበቃ ነው። ሦስተኛ፣ ዘላለማዊ ነው። ወግ አጥባቂው የግል ንብረት ስለሚከበር ይወደዋል፤ ለዘብተኛው ደንና ረግረግ ስለሚተርፍ ይወደዋል። በምንም ጉዳይ የማይስማሙ የኮንግረስ አባላት በዚህ ጊዜ እጃቸውን አብረው ያወጣሉ።

ችግሩ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ቃል ነው። አብዛኛው እንዲህ ያለ ውል ስጦታ ሳይሆን ግዢ ነው። ገዢው ደግሞ የአሜሪካ ግብር ከፋይ ሕዝብ ነው፤ በሲልቨር ስፕሪንግ የሌሊት ተረኛ የሆነችው ነርስ፣ ከአሌክሳንድሪያ ኤርፖርት የሚመላለሰው ሾፌር፣ ኤፕሪል ሲደርስ ወረቀቱን ሰብስቦ ሂሳብ ሠሪ ቢሮ የሚቀመጠው ሁሉ። የሚገዛውን ሳይመርጥ፣ ዋጋውን ሳይጠይቅ፣ የገዛውንም ሳያይ የሚገዛ ገዢ ሌላ የት ይገኛል?

ክፍያው የሚፈጸመው በግብር ቅናሽ በኩል ነው። የፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት አይአርኤስ ለመንገድ ዳር ገጽታ ሲባል የተሰጠን የመሬት መብት እንደ በጎ አድራጎት የቆጠረው በ1964 ነበር። ኮንግረስ በ1976 ጉዳዩን ሕግ ውስጥ አስገባው፤ በ1980 ደግሞ እስከ ዛሬ የሚሠራበትን አንቀጽ ጻፈ። ዋናው ቅድመ ሁኔታ ውሉ ዘላለማዊ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ የሕጉ እጅ እየሰፋ ሄደ። በ2006 በጊዜያዊነት የተጨመረውና በ2015 መጨረሻ ቋሚ የሆነው ድንጋጌ ባለመሬቱ የዓመት ገቢውን እስከ ግማሽ፣ ገበሬ ከሆነም ሙሉውን እንዲቀንስ ይፈቅድለታል። የተረፈውን ለቀጣዮቹ 15 ዓመታት እያሻገረ ይቀንሳል።

ለገበሬው የታሰበ ይመስላል። በቁጥር ሲታይ ግን ሌላ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች ይታሰቡ፤ ሁለቱም ከከተማ ዳር 200 ኤከር አላቸው፤ ቤት ቢሠራበት 4 ሚሊዮን ዶላር፣ እርሻ ሆኖ ቢቀር 1 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ። ሁለቱም በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ውል ይፈርማሉ፤ ሁለቱም 3 ሚሊዮን ዶላር እንደሰጡ ይቆጠርላቸዋል። አንደኛው ባለትዳር ገበሬ ነው፤ በዓመት 80 ሺህ ዶላር ያገኛል። የዚህ ሰው የፌዴራል የገቢ ግብር በዓመት ከ6 ሺህ ዶላር ስለማያልፍ ሕጉ የፈቀደለትን 16 ዓመት ሁሉ ቢጠቀም የሚቀርለት 100 ሺህ ዶላር አይሞላም። ሌላኛው በዓመት 1 ሚሊዮን ዶላር የሚያገባ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። በየዓመቱ ግማሽ ሚሊዮን እየቀነሰ በ6 ዓመት ይጨርሳል፤ ቅናሹ የሚነሳለት ከላይኞቹ የግብር እርከኖች ስለሆነ ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ግብር ይቀርለታል። ያው መሬት፣ ያው ውል፣ ያው ወፍና ያው ምንጭ፤ ሕዝቡ ለሐኪሙ የከፈለው ለገበሬው ከከፈለው ዐሥር እጥፍ ገደማ ነው። በጥሬ ገንዘብ ግዢ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ውል ያጸደቀ ሹም በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ይወጣ ነበር።

ዋጋውስ ከየት መጣ? የቅናሹ መጠን መሬቱ ከውሉ በፊት ከነበረው ዋጋ ላይ ከውሉ በኋላ ያለው ዋጋ ተቀንሶ የሚቀረው ልዩነት ነው። ሁለቱንም ቁጥር የሚያወጣው ባለመሬቱ ቀጥሮ የሚከፍለው ገማች ነው። የ«በፊቱ» ዋጋ ደግሞ የሚሰላው መሬቱ ዛሬ በሚሰጠው አገልግሎት ሳይሆን ሊሰጥ ይችል በነበረው ትልቁ አገልግሎት ነው። ይችል ነበር በሚለው ውስጥ ደግሞ ብዙ ነገር ይገባል፤ ያልተሠራ ሆቴል፣ ማንም ያልጠየቀው የድንጋይ ካባ፣ የካውንቲው ምክር ቤት ፈጽሞ የማይፈቅደው የመኖሪያ መንደር። እህሉን ራሱ አምጥቶ በራሱ ቁና የሚሰፍር ነጋዴ ማንም አያምነውም፤ እዚህ ግን ሕጉ ራሱ ቁናውን ለነጋዴው ሰጥቶታል።

ከገቢ ማሳወቂያው ጋር የሚያያዝ ቅጽ 8283 የሚባል ወረቀት አለ። ባለመሬቱ የተገመተውን ዋጋ ይጽፍበታል፤ ገማቹ ይፈርምበታል፤ ላንድ ትረስቱም መብቱን መረከቡን በፊርማው ያረጋግጣል። ከድርጅቱ ፊርማ አጠገብ ግን ይህ ማረጋገጫ በተጠቀሰው ዋጋ መስማማትን እንደማያመለክት የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ታትሟል። እንግዲህ ሰጪው ዋጋውን ይናገራል፤ ተቀባዩ ስለ ዋጋው አያገባኝም ይላል፤ የሚከፍለው ሕዝብ ጠረጴዛው ላይ የለም። የግብር ሰነድ ምስጢር ስለሆነም ውሉን መዝገብ ቤት ሄዶ ማንም ማንበብ ሲችል ዋጋውን ግን ማንም አያገኘውም።

አልፎ አልፎ ዋጋው ሾልኮ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ከኒውዮርክ ከተማ በስተሰሜን በዌስትቸስተር ያለው ሰቨን ስፕሪንግስ ያሳያል። ዶናልድ ትራምፕ ይህን ሰፊ ግቢ በ1995 በ7.5 ሚሊዮን ዶላር ገዙት። የጎልፍ ሜዳ ሊያደርጉት አስበው ነበር፤ የአካባቢው ነዋሪ ተቃወመ። ቤቶች ሊሠሩበትም ሞክረው አልሆነላቸውም። በ2015 መጨረሻ ላይ ከግቢው 158 ኤከር ያህሉን በጥበቃ ውል አሰሩና የውሉ ዋጋ 21.1 ሚሊዮን ዶላር ተባለ። ጎረቤት ያስቆመው ግንባታ ተመልሶ እንደ ልግስና ተገመተ ማለት ነው። ጉዳዩ የወጣው የኒውዮርክ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ባደረገችው ምርመራ ነው፤ ባለቤቱ ይህን ያህል ዝነኛ ባይሆኑ ኖሮ መቼ ይታወቅ ነበር?

ከዚህ የባሰው በጆርጂያና በአካባቢው የተስፋፋው የሽርክና ንግድ ነበር። አንድ አሻሻጭ ርካሽ መሬት ይገዛል፤ ሽርክና ያቋቁምና ድርሻውን ለሀብታም ግብር ከፋዮች ይሸጣል፤ ገማቹ መሬቱ ውስጥ የሌለ ሪዞርት ያይለታል፤ ውሉ ይፈረማል። አንድ ዶላር ያዋጣ ሰው አራትና አምስት ዶላር ከገቢው ይቀንሳል። አይአርኤስ በ2016 መጨረሻ ባወጣው ማስታወቂያ ካዋጡት ገንዘብ 2.5 እጥፍና ከዚያ በላይ ቅናሽ ለባለሀብቶች የሚያቀርብን ሽርክና ሁሉ አጠራጣሪ ብሎ መዘገበ። የሴኔቱ የፋይናንስ ኮሚቴ በ2020 ሪፖርቱን አወጣ፤ የሁለቱም ፓርቲ መሪዎች ፈርመውበታል። በዲሴምበር 2022 የወጣው ሕግ ከ2.5 እጥፍ በላይ የሆነውን የሽርክና ቅናሽ በአብዛኛው ከለከለ። በጃንዩወሪ 2024 ደግሞ አትላንታ ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት 1.3 ቢሊዮን ዶላር የሐሰት ቅናሽ ያስገኘ ንግድ መርተዋል በተባሉ ሁለት ሰዎች ላይ የ25 እና የ23 ዓመት እስር ፈረደ።

የውሉ ደጋፊዎች ይህን ታሪክ የሚተርኩት እንደ ድል ነው። ጥቂት አጭበርባሪዎች ነበሩ፣ ተያዙ፣ በሩ ተዘጋ ይላሉ። ለእውነት ያህል፣ የላንድ ትረስቶች ማኅበር ራሱ ሽርክናዎቹን ተዋግቷል፤ ለሕጉም ለዓመታት ደጅ ጠንቷል። ነገር ግን ሕጉ የዘጋው በብዙ ሰው ሆነው የሚገቡበትን በር ነው። ብቻውን የሚመጣው ባለመሬት ዛሬም በራሱ ገማች፣ በራሱ ቁጥር፣ ማንም በማያየው ወረቀት ይስተናገዳል። ደግሞስ የሕጋዊው ጣሪያ 2.5 እጥፍ መሆኑ ራሱ ምን ዓይነት ልግስና ነው? አንድ ብር ሰጥቶ ሁለት ብር ከሃምሳ እንደሰጠ የሚቆጠርለት ለጋስ በሌላ የበጎ አድራጎት ዘርፍ ቢታይ ሰው ይስቅ ነበር።

ዋጋውን ትቶ ዕቃውን ማየትም ይገባል። ከዋሽንግተን ወደ ምዕራብ በመንገድ ቁጥር 50 የሚነዳ ሰው ሚድልበርግ ሲደርስ ሌላ ዓለም ይገባል፤ ዝቅ ያለ የድንጋይ አጥር፣ የተላጨ መስክ፣ የፈረስ ጋጣ፣ ከዛፍ ኋላ የተሸሸገ ትልቅ ቤት። ከዚያ በስተደቡብ ባለው የፎኪየር ካውንቲ ከመሬቱ ሩብ ያህሉ በእንዲህ ያለ ውል የታሰረ ነው። ቨርጂኒያ ለውሉ ከፌዴራሉ ቅናሽ በላይ የራሷን ታክስ ክሬዲት ትሰጣለች፤ የውሉ ዋጋ 40 በመቶ ነው፤ ባለመሬቱ ካልፈለገው ለሌላ ግብር ከፋይ ሊሸጠው ይችላል። አገሩ ውብ ነው፣ መካድ አይቻልም። ግን ማን መረጠው? ላንድ ትረስት የሚቀበለው የመጣለትን ነው፤ የሚመጣለት ደግሞ ግብሩ የከበደውና ጠበቃ የመቅጠር አቅም ያለው ሰው ነው። የውሃ ምንጩ፣ ለም አፈሩ፣ የአውሬው መተላለፊያ በዚህ ሰው መሬት ላይ ካልሆነ፣ የሕዝቡ ገንዘብ አጠገቡ ላለው የፈረስ መስክ ይከፈላል።

በሩም ዝግ ነው። ውሉ ለመዝናኛ ወይም ለትምህርት ተብሎ ካልተፈረመ በቀር ሕጉ ሕዝብ እንዲገባ አያስገድድም፤ ገጽታ ለማስጠበቅ ከሆነ ከመንገድ መታየቱ ይበቃል፤ ለአራዊት መኖሪያ ከሆነ መታየቱም አያስፈልግም። በሳምንቱ መጨረሻ ልጆቹን ይዞ ከአሌክሳንድሪያ የወጣ አባት በዚያ መንገድ ላይ «መግባት ክልክል ነው» የሚለውን ሰሌዳ ያነባል፤ የሰሌዳውን ባለቤት ግብር በከፊል እየሸፈነ መሆኑን አያውቅም። የቤት ኪራይ ያባረረው ቤተሰብ ደግሞ በታጠረው መስክ አጠገብ አልፎ ራቅ ወዳለ ከተማ ይሄዳል። ለቤት ዋጋ መወደድ ተጠያቂው ይህ ውል ብቻ ነው ማለት ግነት ይሆናል፤ የካውንቲዎቹ የግንባታ ደንብ ድርሻ ይበልጣል። ሆኖም የግንባታ ደንብ በምርጫ የሚለወጥ ነው፤ ዘላለማዊ ውል ግን ምርጫ አይነካውም።

የጥበቃ ውል ራሱ ክፉ ነገር እንዳልሆነ የሚያስረዳው ምሳሌ ከዚያው ከዋሽንግተን ብዙም አይርቅም። ከአገር ቤት እንግዳ የመጣለት ብዙ ኢትዮጵያዊ ማውንት ቨርነን፣ የጆርጅ ዋሽንግተን ቤት ይወስደዋል። በረንዳው ላይ ቆሞ ፖቶማክን አሻግሮ የሚያይ ሰው በሜሪላንድ ዳርቻ የሚያየው ዛፍ ብቻ ነው፤ ፋብሪካ የለም፣ ፎቅ የለም። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። በ1950ዎቹ ዳርቻው ላይ የነዳጅ ማከማቻ፣ ቀጥሎም የፍሳሽ ማጣሪያ ሊሠራ ነበር። የኦሃዮዋ የኮንግረስ አባል ፍራንሲስ ቦልተን በራሳቸው ገንዘብ እዚያ መሬት ገዙ፤ በ1957 አኮኪክ ፋውንዴሽን ተቋቋመ፤ በ1961 ኮንግረስ ፒስካታዌ ፓርክን በሕግ አቋቋመ፤ ከዳርቻው ጀርባ የሚኖሩ ሰዎችም ገጽታውን የሚያስጠብቅ ውል በየቤታቸው ፈረሙ። እዚህ ላይ ሕዝቡ በተወካዮቹ አማካይነት የትኛውን መሬት፣ ለምን ጉዳይ እንደሚፈልግ አስቀድሞ ተናግሯል። የተገኘውንም ማንኛውም ጎብኚ በገዛ ዐይኑ ያያል። ውሉ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ገዢው ገዢ መሆኑን ማወቁ ነው።

አሁን ወደ ዘላለሙ። ዋዮሚንግ ውስጥ ቡፋሎ የምትባል ከተማ ባለችበት በጆንሰን ካውንቲ በ1993 ከ1,000 ኤከር በላይ የሆነ የከብት እርባታ መሬት በጥበቃ ውል ታሰረ። ውሉን የተቀበለው ላንድ ትረስት ሳይሆን ካውንቲው ራሱ ነበር፤ ሰጪዎቹም የግብር ቅናሻቸውን አገኙ። በ1999 መሬቱ ተሸጠ፤ አዲሶቹ ባለቤቶች ውሉ እንዳለበት አውቀው ገዙት። ብዙም ሳይቆይ ከመሬቱ ሥር ያለው የጋዝ መብት የሌላ ሰው ስለነበረ የቁፋሮ ነገር መጣ። ባለቤቶቹ ከእንግዲህ ውሉ ትርጉም የለውም ብለው ካውንቲውን ጠየቁ፤ ካውንቲውም በ2002 ባሳለፈው ውሳኔ ውሉን መልሶ ሰጣቸው። ዘጠኝ ዓመት መሆኑ ነው፤ የዘላለሙ ዕድሜ።

የተቃወመው አንድ የአካባቢው ነዋሪ ነበር። ፍርድ ቤት ሄደ፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2007 ነዋሪው ለመክሰስ መብት የለውም፣ ካስፈለገ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ይምጣ አለ። ዐቃቤ ሕጉ መጣ፤ ነገሩ በ2010 ውሉን በተሻሻለ መልኩ ሕይወት በሚዘራ ስምምነት አለቀ። ደጋፊዎች መጨረሻውን ብቻ ይጠቅሳሉ። ከመጨረሻው ይልቅ መካከሉ ያስተምራል፤ ለውሉ የከፈለው ሕዝብ ውሉ ሲጣል ቆሞ የመናገር መብት እንኳ አልነበረውም። ስጦታ ነዋ፤ በሰጪና በተቀባይ መካከል ሦስተኛ ሰው ምን አግብቶት!

ሌሎችም አሉ። በሜሪላንድ ምሥራቃዊ ዳርቻ ሚርትል ግሮቭ የሚባለው 160 ኤከር ያህል ታሪካዊ ይዞታ በ1975 እንዳይሸነሸን ታስሮ ነበር፤ በ1990ዎቹ ውሉን የያዘው ዝነኛ ድርጅት ለአዲሱ ባለቤት ሽንሸናውን ፈቀደለት፤ ሰው ሲጮህበት ፈቃዱን ሻረ፤ ከዚያ በፍርድ ቤት ለዓመታት ተካሰሱ። በቨርጂኒያ ላውደን ካውንቲ ደግሞ በውል የታሰረ እርሻ ላይ ቢራ ጠመቃና መቅመሻ አዳራሽ ሊከፈት ሲል ውሉን የያዘው ድርጅት ከሰሰ። የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 የውሉ ቃል አሻሚ ከሆነ ለባለመሬቱ ነጻነት ያደላል ብሎ ፈረደበት። እንግዲህ ከ30 ዓመት በፊት በችኮላ የተጻፉት በሺህ የሚቆጠሩ ውሎች ስንት አሻሚ ቃል እንዳለባቸው መገመት ነው። ድርጅቶቹ በዓመት አንድ ጊዜ ሰው ልከው አጥር ለአጥር ያስዞራሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፤ በ2013 ለጠበቃ ወጪ የሚሆን የጋራ መድን አቋቁመዋል። የሚመሰገን ነው። ግን የመጀመሪያው ሰጪ ሞቶ፣ ልጁ ሸጦ፣ ሦስተኛው ገዢ የራሱን ጠበቃ ይዞ ሲመጣ፣ በሁለት ተቀጣሪና በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ የገጠር ድርጅት ምን ያህል ይገፋል?

ስጦታ የሚለው ስም የሚጎዳው ሕዝቡን ብቻ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። ኮሎራዶ የሆነው ግን ሌላውን ወገን ያሳያል። ግዛቱ ከ2000 ጀምሮ ለጥበቃ ውል ታክስ ክሬዲት መስጠት ጀመረ፤ ባለመሬቱ ክሬዲቱን ሸጦ ጥሬ ገንዘብ ማድረግ ይችላል። ብዙ ገበሬና ከብት አርቢ ገባበት፤ ዕዳ የከፈለበት አለ፣ ለውርስ ያዋለው አለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የገቢዎች መሥሪያ ቤቱ ግመታዎቹን መለስ ብሎ መመርመር ያዘና ወደ 800 የሚጠጉ ክሬዲቶችን ሰረዘ፤ አንዳንዶቹን ውሎች ዋጋቸው ዜሮ ነው አላቸው። ገንዘቡ ከነወለዱና ከነቅጣቱ ተጠየቀ። ውሎቹ ግን አልተሰረዙም። መሬቱ እንደታሰረ ነው፤ ለዘላለም።

አንድ ገዢ ዕቃ ወስዶ ገንዘቡን ከከለከለ ሻጩ ዕቃውን ይመልሱልኝ ማለት ይችላል፤ ሕግ የሚባለው ነገር ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ጉዳይ ነው። የኮሎራዶ ገበሬዎች ግን ሻጭ አይደሉም፣ ለጋሾች ናቸው፤ ለጋሽ ደግሞ የሰጠውን አይጠይቅም። ለዓመታት የግዛቱን ምክር ቤት ደጅ ጠኑ። ከእነርሱ መካከል በተጋነነ ግመታ ያተረፈ አይጠፋም፤ አብዛኛው ግን ገማቹን ያመነ፣ ላንድ ትረስቱን ያመነ፣ ግዛቱ ያወጣውን ሕግ ያመነ ሰው ነበር። ግዢውን ግዢ ብሎ መጥራት ለእነዚህ ሰዎችም መከታ በሆነ ነበር።

ሌላ መንገድ የለም እንዳይባል፣ ሌላው መንገድ ከዚህኛው ያላነሰ ዕድሜ አለው። በኒውዮርክ የሰፈክ ካውንቲ በ1974 የእርሻ መሬትን የግንባታ መብት በጥሬ ገንዘብ ለመግዛት ተነሳ፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው ይባላል። ሜሪላንድ በ1977 ለዚሁ ሥራ አንድ ተቋም አቋቋመች፤ ዛሬ ከ300 ሺህ ኤከር በላይ እርሻ አስሯል። አሠራሩን ማየት ደስ ይላል። ገበሬው ያመለክታል፤ ካውንቲው በአፈሩ ጥራትና በቦታው አስፈላጊነት ደረጃ ይሰጠዋል፤ መሬቱ ይገመታል፤ ገበሬው ደግሞ የሚጠይቀውን ዋጋ ራሱ ያቀርባል፤ ከግመታውና ከጥያቄው ዝቅተኛው ይከፈለዋል። ስለዚህ ዋጋ ከፍ ማድረግ ሳይሆን ዝቅ ማድረግ ያዋጣል። በመጨረሻ የግዛቱ አገረ ገዢ፣ ገንዘብ ያዡና ተቆጣጣሪው የሚቀመጡበት ቦርድ በይፋ ስብሰባ ያጸድቀዋል። ስንት ኤከር፣ በስንት ዶላር፣ የት ካውንቲ፣ ሁሉም በአጀንዳው ላይ ተጽፎ ይነበባል።

ገንዘቡም ከሰማይ አይወርድም። ሜሪላንድ ከ1969 ጀምሮ ቤት ሲሸጥና ሲገዛ የሚከፈለውን፣ የዋጋውን ግማሽ በመቶ የሆነውን የስም ማዛወሪያ ግብር ለመሬት ጥበቃ መድባለች። በ500 ሺህ ዶላር የተሸጠ ቤት ላይ 2,500 ዶላር ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ለሚገዛ ሰው ቅናሽ አለው። በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በቦዊ ቤት የገዛ ኢትዮጵያዊ ቁልፍ በተረከበበት ቀን ከፈረመባቸው ወረቀቶች አንዱ ላይ ይህ ቁጥር ሰፍሯል፤ ፈልጎ ቢያየው ያገኘዋል። ወጪው በስሙ ተጠርቶ ገብቷል፤ የገዛውም እርሻ በስሙ ተጠርቶ ታውጇል።

ለገጠር ካውንቲዎች እንዲህ ያለው ግዢ ከባድ ነው የሚል ቢኖር የኒውዮርክን ግዛት ይመልከት። እዚያ ከ2006 ወዲህ በጥበቃ ውል የታሰረ መሬት ባለቤት የመሬት ግብሩን ሩብ፣ በዓመት እስከ 5 ሺህ ዶላር ድረስ ይመለስለታል። ባለቤቱ ማንም ይሁን፤ የመጀመሪያው ፈራሚም ሆነ ሦስተኛው ገዢ። በአንድ ጊዜ ሚሊዮን ዘግኖ የሚሄድ የለም። ክፍያው መሬቱ በተጠበቀ ቁጥር በየዓመቱ የሚመጣ ነው፤ ሀብታሙም ድኻውም በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። ያ የ80 ሺህ ዶላሩ ገበሬ እዚህ ከሐኪሙ እኩል ይቆማል።



የውሉ ጠበቆች ሁለት መልስ አላቸው። አንዱ፣ ግዢ ብር ይጠይቃል፣ መንግሥት ደግሞ ብር የለውም የሚል ነው። ያልተሰበሰበ ግብር የወጣ ብር መሆኑን እያወቁ ነው ይህን የሚሉት፤ ልዩነቱ በጀት ሆኖ ለክርክር አለመቅረቡ ብቻ ነው። ሌላው መልስ ይከብዳል። መሬቱን ከልቡ የሚወድ፣ ምንም ጥቅም ሳያስብ የሚፈርም ባለመሬት አለ ይላሉ። አለ፤ ብዙም ነው። ይህ ሰው ግን ቅናሹ ቢቀርም ይፈርማል፤ ላንድ ትረስቱም ይቀበለዋል፤ ያኔ በእውነት ስጦታ ይሆናል። ቅናሹ ሲቀር የሚጠፋው ለቅናሹ ሲል የመጣው ነው፤ እርሱ ደግሞ ዋጋ ጠይቆ የመጣ ስለሆነ እንደ ማንኛውም ሻጭ ዋጋው ይታይለት።

ኮንግረስ ቅናሹን ነገ ያነሳዋል ብሎ የሚጠብቅ የለም። በአንድ ሕግ ሊደረግ የሚችል ነገር ግን አለ። ከ500 ሺህ ዶላር በላይ ለሚጠየቅበት ስጦታ ሙሉ ግመታው ዛሬም ከገቢ ማሳወቂያው ጋር ተያይዞ አይአርኤስ ይደርሳል፤ እዚያው ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ያው ግመታ በካውንቲው መዝገብ ቤት ከውሉ ጋር ይያያዝ። ጎረቤት ያንብበው፤ የካውንቲው የግብር ገማች ከራሱ ቁጥር ጋር ያስተያየው፤ ባለፈው ዓመት የመሬት ግብሩ በዝቶብኛል ብሎ ይግባኝ ያለው ባለመሬት ዘንድሮ ለአይአርኤስ ምን እንዳለ ይታይ። ዋጋው ይፋ ከወጣ የሚፈርም ሰው ይቀንሳል የሚሉ አሉ። የሜሪላንድ ገበሬዎች ዋጋቸው በአደባባይ እየተነበበ ዓመት በዓመት የሚያመለክቱት ግን ተቋሙ ሊገዛ ከሚችለው በላይ ነው።